ጋራዥ ያልነው የንባብ ክፍል

«አላስገባም አልኩ፣ አላስገባም! የኔ ልጅ ጋራዥ አትገባም!»

«አያ ሁሴን፣ እስኪ ቀስ በል። ባጃጅህስ ጋራዥ ገብታ አታውቅም?»

«ባጃጅማ ብረት ናት። ብረት ቢበላሽ ማን ይስቅበታል? ይቺ ግን ነገ ታድጋለች፣ ‹ያቺ ጋራዥ ገብታ የነበረችው› ይሏታል። አንተ ምን አለብህ! ግጥም ስትል የምትውል ሥራ ፈት!»

«ሥራ ፈት ብሆን እዚህ ምን ያመጣኛል?»

«ሥራ ማጣት ነዋ!»

ልጆቹ በሳቅ አውካኩ። ሀያት ብቻ አልሳቀችም። አንድ እጇን አባቷ ጨብጦ ይዞታል፤ የሌላኛው እጇ ጣት ደግሞ ትሪው ላይ በተደለደለው እርጥብ አሸዋ ውስጥ፣ የጀመረውን ፊደል ሳይጨርስ ቆሟል። ሁሴን ዓረብ አገር ብዙ ሠርቶ የተመለሰ፣ አሁን ከሐይቅ ከተማ ወደ ውጫሌ በሚወስደው መንገድ ባጃጅ የሚነዳ ሰው ነው። ዛሬ ጠዋት የጫናቸው ተማሪዎች ከኋላው ተቀምጠው በልጁ ሲቀልዱ ሰምቶ፣ ባጃጁን ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ ገትሮ በቀጥታ ወደዚህ ክፍል መጣ። ማንበብ እንቢ ያላቸው ልጆች በቀን አንድ ክፍለ ጊዜ ተለይተው የሚታገዙበት ክፍል ነው። መምህርቷ ለስብሰባ ደሴ ስለሄደች፣ ቁጣውን የሚቀበል ሌላ ሰው ጠፍቶ፣ በነጻ የማግዘው እኔ ፊቱ ቆሜያለሁ።

«ከዛሬ ጀምሮ እንደ ሰው ልጅ ከክፍል ጓደኞቿ ጋር ትቀመጣለች» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ከሆነላት ሆነላት። ካልሆነላት ቤቷ ትቀመጥና ስትደርስ እንደ አክስቶቿ ዓረብ አገር ትሄዳለች። ወላሂ፣ እዚያ ማንም ‹አንብቢ› አይላትም።»

መልስ ነበረኝ። ከልጅነቴ ጀምሮ መልስ አጥቼ አላውቅም፤ እግዜርም አላህም ለወሎ ልጅ አፍ አልነፈጉም። ግን ልመልስ ስል ያ የእርጥብ አሸዋ ሽታ አፍንጫዬን ያዘኝ። የሐይቁ ዳር ሽታ ነው፣ ግማሹ ቅጠል የበሰበሰበት ውኃ፣ ግማሹ ዓሣ። አገሩን የማያውቅ ሰው ይገማል ይለዋል። እኔ ግን በዚያ ሽታ ውስጥ ነው ሰው የሆንኩት። የዕድሜ እኩዮቼ «አንተ ገና ሃያ ዓመት ሳይሞላህ የምን ትዝታ ነው የምትጽፈው?» እያሉ ይቀልዱብኛል። እኔ የምላቸው ሰው ትዝታ የሚኖረው በዕድሜው ልክ ሳይሆን በጠፋበት ነገር ልክ ነው። በዚህ ረገድ የኛ ዕድሜ ልጆች ሽማግሌዎች ነን።

ያኔ አራተኛ ክፍል ነበርኩ፣ ያውም ለሁለተኛ ጊዜ። አገሩ ሁሉ «ለውጥ» የሚል ቃል ከአፉ የማይለይበት ዘመን ነበር። ሻይ ቤቱ ለውጥ ሻይ ቤት ሆነ፣ ፀጉር ቆራጩ የለውጥ ቁርጥ አለው ተባለ፣ ከሰው ሁሉ ጋር ተጣልቶ የኖረው ጎረቤታችን እንኳ በለውጡ ሰሞን ተነስቶ ሰውን ሁሉ እየዞረ ይቅርታ ጠየቀ፣ ከዚያ ክረምቱ ሳይወጣ እንደገና ተጣላ። ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ሁሉ በሰው ይሞላ ነበር። ሰው የማያውቀውን ሰው የሚያቅፍበት፣ የታሰረ የሚፈታበት፣ የተሰደደ የሚመለስበት ያ አጭር ወራት ሲታወሰኝ፣ ፀሐይ ወጥታ ካፊያ የሚጥልበትን ሰዓት ይመስለኛል። ሁላችንም ቀስተ ደመናውን ስናይ ዳመናውን የቆጠረ አልነበረም።

እኔ ግን በዚያ ሁሉ ለውጥ ውስጥ ያልተለወጥኩ ልጅ ነበርኩ። ፊደል አይያዝልኝም ነበር። ሐይቁ ዳር ጥልቀት በሌለው ውኃ ላይ ጎንበስ ስትሉ፣ ጥላችሁ ያረፈባቸው ትንንሽ ዓሦች ብትን ብለው እንደሚጠፉት፣ እኔም ገጽ ላይ ጎንበስ ስል ፊደሎቹ እንደዚያ ነበሩ። አንዱን ለመያዝ ስል ሌላው ያመልጠኛል፤ «ለ»ን ይዤ ወደ «ሊ» ስሻገር «ለ» የት እንዳለች እረሳታለሁ። የአንድ ፊደል ሰባቱ ወንድማማቾች አንዱ የአንዱን ሸሚዝ እየለበሰ የሚቀልድብኝ ይመስለኝ ነበር። ሌሎች ልጆች እንዴት እንደሚለዩአቸው በጭራሽ አይገባኝም ነበር፤ አንድ ምስጢር አለ፣ ያ ምስጢር የተነገረ ቀን እኔ ቀርቼ መሆን አለበት ብዬ አስብ ነበር።

ይሄን ግን ማንም አያውቅም። የማያውቁበት ምክንያት ደግሞ የአገራችን ነው። እኛ ዘንድ በቃል መያዝ ክብር ነው። መድረሳ ስሄድ ኡስታዙ የሚሉትን አንዴ ሰምቼ እደግማለሁ፤ ሎሁን፣ ያንን የእንጨት ሰሌዳ፣ ፊቴ አቁሜ ዓይኔን ጨፍኜ ብቀራም ማሻአላህ ተብሎ ራሴ ይዳበሳል። ከኔ ጋር አንድ ወንበር ላይ የሚቀመጠው ደርቤም እንደዚሁ ነበር። ከአምባሰል ገጠር መጥቶ ሐይቅ አክስቱ ቤት የሚኖር ቀጭን፣ ጆሮው ትልቅ ልጅ ነው። የቄስ ትምህርት ሲማር የዳዊትን መዝሙር አንዱንም ሳይለቅ በቃሉ ይዞታል፣ ግን መጽሐፉን ገልብጣችሁ ብትሰጡት እንደተገለበጠ ይዞ ይደግምላችኋል። ሁለታችን ተጎራብተን፣ እሱ በመስቀሉ እኔ በክታቤ፣ ማታ ማታ አንድ የክፍል ጓደኛችን ጮኾ ሲያነብ የአማርኛውን መጽሐፍ በጆሯችን እየቀዳን፣ ጠዋት መምህር ሲጠራን ገጹን እየገለጥን እንደ ውኃ እናወርደው ነበር። የት ጋ ገጽ እንደሚገለጥ ሳይቀር በቃላችን ይዘነዋል። ፈተና ላይ መውደቅ ብቻ ነው የሚጠብቀን፤ ያንንም ሰው ሁሉ «ጎበዝ አንባቢ ናቸው፣ ግን ፈተና ይፈራሉ» ይለው ነበር።

የተያዝኩት በገጽ ነው። አስናቀች የምትባል መምህርት፣ እኛ ቲቸር ነበር የምንላት፣ በዚያ ዓመት ነው አማርኛ ልታስተምረን የመጣችው። አጠር ያለች፣ የአምባሰል ሰው፣ ስትናገር ድምፅዋ ወጣ ገባ የሚል፣ ስትቆጣ እንኳ እንደ ዜማ የሚሰማ። አስነሥታኝ አንብብ አለችኝ። ጀመርኩ። የመጽሐፉ ሁለት ቅጠሎች፣ ማን ማር እንደነካቸው እንጃ፣ ተጣብቀው ነበርና ስገልጥ ሁለቱን በአንድ ላይ ገለጥኳቸው። እኔ ግን ምን አውቄ! በመሃል ተጣብቆ የቀረውን፣ ዓይን ያላየውን ገጽ፣ በነጠላ ሰረዝና በአራት ነጥብ እያረፍኩ፣ በጥሩ ድምፅ እስከ መጨረሻው አነበብኩት። ክፍሉ ጸጥ ብሎ ይሰማኛል። ቲቸር ቀስ ብላ መጣች፣ መጽሐፌን አየች፣ የተጣበቀውን ቅጠል በጥፍሯ ከፈተችው፣ ከዚያ ዓይኔን አየችኝና «ተቀመጥ፣ በጣም ጥሩ ነው» ብላኝ አለፈች። ፊት ለፊት አላዋረደችኝም። በእረፍት ሰዓት ግን ጠርታ፣ ደርቤን ጨምራ፣ «ጆሯችሁ ለዓይናችሁ ዋስ ሆኖ ኖሯል» አለችን። እንደምትገርፈን እርግጠኛ ነበርን። እሷ ግን የምትስቅ መሰለች። ደሴ ሥልጠና ወስዳ የሰማችውን ነገረችን፤ ይሄ ነገር ስም አለው፣ ዲስሌክሲያ ይሉታል፣ የስንፍናም የድንቁርናም ስም አይደለም፣ በየአገሩ ብዙ ልጅ አለበት፣ መንገዱ የተለየ ሆኖ እንጂ መድረስ ይደረሳል አለችን። ደርቤ ወደኔ ዞሮ «አየህ፣ ስም ካለው መድኃኒትም አለው» አለኝ። እኔ የገረመኝ ሌላ ነው። ያለሁበትን ጉድጓድ ሰው ቀድሞ አይቶት፣ ስም ሰጥቶት ማደሩ ነው።

ከቢሮ ጀርባ የተሰበረ ወንበር፣ የቆየ የኖራ ከረጢትና መረብ የሌለው የቅርጫት ኳስ ቀለበት የሚቀመጥበት አንድ ክፍል ነበር። ቲቸር ለምና ወሰደችው። ዳይሬክተሩ በዘመኑ ወግ «የለውጥ ክፍል» ብሎ በቀይ ቀለም ግድግዳው ላይ አስጻፈበት። ልጆቹ ደግሞ የተበላሸ የሚገባበት ነው ብለው በማግስቱ «ጋራዥ» አሉት፤ ከሁለቱ ስሞች የትኛው እንደጸና አያ ሁሴን ምስክር ነው። እኛ የገባን ልጆች መጀመሪያ በሰው ፊት ላለመግባት ሽንት ቤት የምንሄድ መስለን በጀርባ እንዞር ነበር። ቆይቶ ግን ደርቤ አንድ ዘዴ ፈጠረ። «ወዴት ነህ?» ሲሉት «ሞተሬን ላስወርድ» ይላል፣ እንደ መካኒክ እጁን እየጠረገ። የሚስቁብን ልጆች ከኛ ጋር መሳቅ ሲጀምሩ ስድቡ ለዛው ጠፋ።

ቤት ውስጥ ግን ነገሩ ሳቅ አልነበረም። አባቴ የሐይቁ ዓሣ አጥማጅ ነው። ያለፈው ዓመት ስወድቅ ምንም አላለኝም፤ ሁለተኛው ዓመት ሲጀመር ግን ለእናቴ «ዘንድሮ ካላለፈ መረብ ይዞ ይከተለኛል፣ ታንኳ ፊደል አይጠይቅም» ብሏል። አባቴ ክፉ አይደለም፤ ባሕሩን የሚወድ ሰው ልጁን ወደሚወደው ነገር ቢጎትት ምን ይፈረድበታል? እኔ ግን ታንኳው ላይ ተቀምጬ፣ እኩዮቼ ደብተር ይዘው ከዳር ሲያልፉ የማይበት ቀን ይታየኝ ነበር። ቲቸር ይሄን ሰምታ ቤታችን መጣች። እንደ ወጉ እርጎ ቀረበላት፣ ስለ ዝናቡ ተወራ፣ ስለ ዓሣው ተወራ። እኔ ስለ እኔ እስኪወራ እሞታለሁ። በመጨረሻ አባቴን ምን ብላ ጠየቀችው? አሸዋ! ልጆቹ በጣታቸው የሚጽፉበት፣ ከሐይቁ ዳር የተነፋ ደቃቅ አሸዋ ትፈልጋለች፣ ከእርስዎ በላይ ዳሩን የሚያውቅ የለም አለችው። አባቴ ለእኔ ትምህርት ሊከራከር ተዘጋጅቶ የነበረ ሰው፣ ስለ አሸዋ ተጠይቆ እንዴት እንቢ ይላል? «አሸዋ ብቻ? አሸዋማ ሞልቶ!» አለ። ከዚያ ወዲህ አሸዋው ሲደርቅ ወይ ሲቆሽሽ አዲስ በጆንያ ተሸክሞ ያመጣል፣ አስቀምጦ ግን ወዲያው አይሄድም፤ የጆንያውን አፍ ሲያስር፣ ሲፈታ፣ እንደገና ሲያስር፣ በጎን ጆሮውን እኛ ላይ ጥሎ ይቆያል።

የቲቸር አሠራር ከሥልጠናው ያገኘችው አለበት፣ የኔታ ካስተማሯት የቀረ አለበት፣ ከኛም የቀዳችው አለበት። አንድ ፊደል በአንድ ቀን እንጽፋለን፣ በአሸዋ ላይ፣ ስሙን ጮክ ብለን እየጠራን፣ ጣታችን መንገዱን እስኪያውቀው። መጽሐፍ ስናይ በስንደዶ እንጠቁማለን፣ ከካርቶን የተቆረጠች ትንሽ መስኮት ቃሉ ላይ እናሳርፋለን፣ ሌሎቹ ቃላት እንዳያዩን። እንደዚያ ነበር የምትለው፣ «እንዳያዩን»። ግን ዋናው ዘዴዋ ሌላ ነው። እኔና ደርቤ የሰማነውን ሁሉ እንደምንይዝ ስለምታውቅ ከመጽሐፍ ማስነበቡን ተወችውና፣ «ከራስህ አምጣ፣ ሁለት ስንኝ ግጠምልኝ» አለችኝ። መግጠም ቀላል ነገር ነው። በሠርግም በለቅሶም እናቶቻችን ሲቀባበሉት ሰምተን ያደግን ነን። ወዲያው ስለ አባቴ እንዲህ አልኳት፦

ትልቁ አመለጠኝ ይላል ማታ አባቴ፣
ትንሹን ለድመት፣ ሽታውን ለእናቴ።

ስቃ ስቃ እንባዋን ጠረገች። ከዚያ እያንዳንዱን ቃል በየብቻው በካርቶን ቁራጭ ላይ ጻፈችውና በእጇ ደባልቃ እንደ ካርታ ጠረጴዛው ላይ በተነችው። «ግጥምህን መልስ» አለችኝ። ይኸው ተያዝኩ! ግጥሙን በቃሌ አውቀዋለሁ፤ የቱ ቁራጭ የቱ ቃል እንደሆነ ግን አላውቅም። ራሴ የሠራሁት ቤት ፈርሶ ድንጋዩ ፊቴ ተከምሯል። ብዙ ቆየሁ። ደርቤ ከጎኔ በአፍንጫው ሲተነፍስ ይሰማኛል። ከዚያ ሁለት ቁራጮች ላይ ጫፋቸው አንድ ዓይነት የሆነ ፊደል አየሁ። አንድ ዓይነት! ቤት የሚመታው በነሱ ነው ማለት ነው፤ አንዱ «አባቴ» ነው፣ አንዱ «ለእናቴ»። የመጨረሻዋ «ቴ» እንደ አንድ ቤት ልጅ ከሁለቱም ትታያለች። ዓይኔ የመጀመሪያዋን ፊደል ያለ ጆሮዬ እርዳታ የያዘው ያን ጊዜ ነው። አንዷ ከተያዘች በኋላ ሌሎቹ ከሷ ወዲያና ወዲህ ቦታ ቦታቸውን ያዙ። ደስታዬ እንዴት ይነገራል? ዓሦቹ ጥላዬን አይተው አልሸሹም።

ከዚያ በኋላ ጋራዡ የግጥም ጋራዥ ሆነ። ሁሉም ልጅ ይገጥማል፣ ቲቸር ትቆራርጣለች፣ ከዚያ የአንዱን ለሌላው ትሰጣለች፤ እዚህ ላይ ጆሮ ዋጋ የለውም፣ ያልሰማኸውን ግጥም በዓይንህ ብቻ ነው የምትሠራው። ደርቤ ስለ አባቴ የገጠምኩትን፣ በጆሮው ቢይዘውም እንኳ፣ ከቁራጮቹ በዓይኑ ለይቶ የጨረሰ ቀን ተሸክሞት ወደ ሐይቁ ዳር ሮጠ፣ አጥማጆቹ መሃል ቆሞ ደጋግሞ አነበበላቸው። ከዚያች ቀን ጀምሮ አባቴን በስሙ የሚጠራው ጠፋ፤ «ትልቁ አመለጠኝ ዛሬስ ምን ያዝክ?» ሆነ ሰላምታው። እኔ ገጣሚ ነኝ ብዬ አፌን ሞልቼ የምናገረው ከዚያ ጀምሮ ነው። ስንት ገጣሚ ነው በመጀመሪያ ግጥሙ የሰውን ስም የቀየረ?

ዓመቱ ሲያልቅ ዳይሬክተሩ ራሱ አዲስ መጽሐፍ ይዞ መጣ፣ በዘፈቀደ ከመሃል ገለጠና ሰጠኝ። አባቴ እርጥብ ሱሪውን ጠቅልሎ መስኮቱ ጋ ቆሟል። አነበብኩ። አቀበት ላይ እንደ ተጫነች አህያ፣ እየቆምኩ፣ እየተነፈስኩ፣ አንዳንዱን ቃል በጣቴ አየሩ ላይ እየጻፍኩ። ፈጥኜ አልነበረም፣ ዛሬም ፈጣን አይደለሁም። ግን ያነበብኩት እዚያ የተጻፈውን ነበር። አባቴ ለዳይሬክተሩ ምን እንዳለው እናቴ ሁልጊዜ ትናገረዋለች፦ «ቀስ ብሎ ነው የሚቀዝፈው፣ ግን ዳር ይደርሳል።» ስለ መረብ ከዚያ ወዲያ አልተነሣም።

ከዚያ ዓለምን ሁሉ ቤት ያስቀመጠው በሽታ መጥቶ ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ ተከፈተ። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። መጀመሪያ ሩቅ ነበር፣ የሌላ ሰው ዜና። ቀስ በቀስ ተፈናቃይ በኛ በኩል ማለፍ ጀመረ፣ ከዚያ ከውጫሌ በኩል የከባድ መሣሪያው ድምፅ መስኮቱን ያንቀጠቅጥ ጀመር። ደርቤ ወደ ቤተሰቡ፣ ወደ አምባሰል ገጠር ሄደ። ቲቸር አስናቀች እናቷን ልታመጣ ብላ በዚያው አቅጣጫ ሄደች። አባቴ እኛን በታንኳ ጭኖ ከሐይቁ ማዶ ዘመዶቻችን ዘንድ አሻገረን፤ የምንበላው ራሱ ያጠመደው ነበር፣ በዚያ ሰሞን ትልቁም ትንሹም አላመለጠውም። መብራት የለም፣ ስልክ የለም። ሪያድ የምትሠራ ታላቅ እህቴ ዘሀራ በሕይወት እንኑር አንኑር ሳታውቅ ነው ያን ሁሉ ወራት የከረመችው።

ስንመለስ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ጋራዡ ነው። ወንበሩ ለማገዶ ሄዷል። ስንደዶው፣ ካርቶኖቹ፣ የኛ ግጥሞች፣ ማን ምን እንደቀቀለበት እንጃ፣ አመድ ሆነው ጥግ ላይ ተከምረዋል። አሸዋው ብቻ አለ፣ አሸዋ አይነድ። ግድግዳው ላይ «የለውጥ ክፍል» የሚለው ጽሑፍ ከግማሽ በላይ በጥይት ተነድሎ፣ የቀሩትን ፊደሎች ቆሜ አነበብኳቸው። ማንበቤ ራሱ ያን ጊዜ አሳዘነኝ።

ከዚያ አንድ ቀን ኔትወርክ መጣ ተባለ። መጣ ቢባልም የሚያነጥስ ኔትወርክ ነበር። እኛ ደግሞ ከእህቴ ጋር ስናወራ የኖርነው በድምፅ ብቻ ነው፤ በኢሞ ድምፅ እንልካለን፣ ድምፅ ትልካለች። ያን ቀን ድምፅ አልሄድ አለ። የሚሄደው አጭር የጽሑፍ መልእክት ብቻ ነው አሉ። ሰፈሩ ሁሉ ስልኩን ይዞ ከፍ ያለ ቦታ ፍለጋ ኮረብታው ላይ ወጥቷል። አባቴ ስልኩን ሰጠኝና «ጻፍላት» አለኝ፣ ከጸሐፊ ልጅ ጋር ሲኖር እንደኖረ ሰው። እያንዳንዱን ፊደል እየፈለግኩ፣ «ዘሀራ ሁላችንም ደህና ነን» ብዬ ጻፍኩ። «ታንኳዋም ደህና ናት በል» አለኝ። «አባባ፣ የታንኳ ደህንነት ምን ያደርግላታል?» ብለው፣ «በል አልኩህ!» አለኝ። ታንኳዋም ገባች። ከታች «ይመር» ብዬ ስሜን ጻፍኩና ላክሁት። ሲሄድ አየነው።

ኔትወርኩ በርታ ሲል ደወለች። እኔ አነሣሁት። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፦

«መልእክቱን ማን ጻፈልህ?»

«እኔ።»

«ውሸታም! ወላሂ በል።»

«ወላሂ እኔ ነኝ።»

ወዲያው ማዳሟ ቤት፣ ማድቤት ውስጥ፣ እልል ስትል ሰማን፤ ማዳሟ በዓረብኛ ስትጮህባት ሰማን፤ ዘሀራ ግን አላቆመችም። ሁላችንም በሕይወት መኖራችንን ካወቀች ቀናት አልፈዋል። ያ እልልታ ለኔ ነበር። አባቴ ከዚያ ወዲያ ሰፈሩን ዞረ፤ መጻፍ የሚችል ሌላ ሰው ጠፍቶ አይደለም፣ ግን ልጁ ዓረብ አገር ያለበትን ሁሉ «አብሽሩ፣ የኔ ልጅ ይጽፍላችኋል» እያለ እየጎተተ አመጣብኝ። ቀርፋፋ ጸሐፊ ነበርኩ፤ ሰው ግን ቁጭ ብሎ ጠበቀኝ፣ እያንዳንዷ ፊደል ስትወለድ ምራቁን እየዋጠ። ጋራዥ ብለው የሳቁብኝ ልጆች እናቶች ጭምር መርቀውኛል። ምርቃት ያሰክራል የሚል ሰው ካለ እውነቱን ነው።

ለደርቤ ግን የምጽፍበት ቁጥር አልነበረኝም። አክስቱም ከዚያ ወዲህ ቤቱን ለቀዋል። አንዱ ኮምቦልቻ አየሁት ይለኛል፣ ሌላው ደግሞ ዝም ይለኛል። ቲቸር አስናቀች በሕይወት እንዳለች፣ እናቷን ይዛ ወደ ሸዋ በኩል እንደሄደችና እዚያው እንደምታስተምር ሰምቻለሁ። የነበራት ስልክ አይሠራም። ክፍሉ ተጠግኖ ሲከፈት፣ አሸዋው ሲመጣ፣ ካርቶን ሲቆረጥ እሷ አልነበረችም። ያቺ ወጣ ገባ የምትል ድምፅ ጠፋች፤ ማንም ሰው ማንንም የሚያቅፍበት ያ ወራት ጠፋ፤ በመስቀሉና በክታቡ ተጎራብተን አንድ ገጽ በጆሯችን የምንካፈልበት ወንበር ነደደ። የተረፈው እኔ ውስጥ ያለው ነው፣ እሱንም ለማካፈል ነው በየቀኑ እዚህ የምመጣው።

«ኧረ አንተ ልጅ! ሰማኸኝ?» አለ አያ ሁሴን።

«ሰምቻለሁ።»

«ዝም ስትል ጊዜ ተኛህ ብዬ።»

ይሄን ሁሉ አልነገርኩትም። ስለ ራሴ ብተርክለት «አንተማ ሌላ ነህ» ይለኛል፣ እውነትም ሌላ ነኝ፣ ሀያት ደግሞ ሀያት ናት። «አንድ ጊዜ ብቻ ስማት» አልኩት። «ከዚያ ከፈለግህ ውሰዳት፣ አልይዝህም።» ለሀያት ደግሞ ትናንት ገጥማ የቆራረጥንላትን፣ ጀምራ ያልጨረሰችውን ካርቶን ፊቷ ላይ በተንኩላት።

አባቷ እጇን ለቀቃት፣ ግን አልተቀመጠም። ሀያት ቁራጮቹን አየቻቸው። አንዱን አነሳች፣ መለሰችው። ሌላ አነሳች። በጣቷ አሸዋው ላይ አንድ ነገር ሞነጫጨረችና አየችው፣ ከዚያ አንዱን ቃል ከሌላው አጠገብ አስቀመጠች፣ ሦስተኛውን ጨመረች። እየተሰለፉ ሄዱ። መጨረሻው ላይ ሁለት ቁራጭ ተረፏት፤ አንዱን አስቀመጠች፣ ራሷን ነቀነቀች፣ አነሣችና በሌላው ቀየረችው። አባቷ ጎንበስ ብሎ፣ ልንገርሽ ብሎ አፉን ሲከፍት እጄን አነሣሁበት። ዘጋው። ሀያት ስንደዶውን አንስታ፣ ቃል በቃል እየጠቆመች አነበበች፦

የአባቴ ባጃጅ ሦስት እግር አላት፣
ዳገት ላይ ደከማት፣ አባቴ አዘላት።

ልጆቹ ጠረጴዛውን እየደበደቡ ሳቁ። እኔ አያ ሁሴንን ነው የማየው። ፊቱ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ሳቁን በከንፈሩ ያዘው፣ ከዚያ መያዝ አልቻለም።

«መቼ ነው ያዘልኳት?» አለ። «ገፍቼያት ይሆናል እንጂ!»

«እኔ ሳይህ አዝለሃት ነበር» አለች ሀያት። «አባዬ፣ አሁን ሂድ። የፋጡማን ግጥም ገና አልሠራሁም፣ ሰዓቴ ሊያልቅ ነው።»

«ነገ እነዚያ ልጆች ‹ጋራዥ› ቢሉሽስ?»

«ስለነሱም እገጥማለሁ።»

ያን ሲሰማ ወደኔ ዞረ። ካርቶኖቹን እንደገና አየ፣ አንዱ ትንሽ ተጣምሞ ነበርና በትልቅ ጣቱ ቀስ አድርጎ አቃናው። ከዚያ ቀና ብሎ «በእግርሽ እንዳትመጪ፣ ሲለቃችሁ መጥቼ እወስድሻለሁ» አላት። ሀያት የፋጡማን ቁራጮች መደርደር ጀምራለች፣ አልሰማችውም። አያ ሁሴን ወጣ፤ በሩን፣ ሕፃን ያስተኛ ሰው እንደሚያደርገው፣ ድምፅ እንዳያሰማ ቀስ አድርጎ ከውጭ ዘጋው።